ወደ አንድ ጎን የዘመመ የመስክ መኪና፤ የምርመራው ቅደም ተከተልና የኃላፊው ድርሻ



ስለ ድርቅና ስለ መልሶ ማቋቋም በሚደረግ ውይይት ሁሉ የእህሉ መጠን፣ የተረጂው ቁጥርና የመጋዘኑ ይዞታ በቅድሚያ ይነሣል። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እህሉንና ተረጂውን የሚያገናኘው መኪና ነው፤ መኪናም ብረት በመሆኑ ይደክማል፣ ይዝላል፣ ይሰበራል። የዚህ ንግግር ዓላማ ከድካም ምልክቶች መካከል እጅግ የተለመደውን፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያለ ምርመራ የሚታከመውን፣ ይኸውም በአራቱም ጎማ የሚነዳ አሮጌ የመስክ መኪና የኋላ አካሉ ወደ አንድ ጎን መዝመሙን መግለጽ ነው።

ጉዳዩ ለአዊ ዞን የቅርብ ጉዳይ ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ወዳላት ቻግኒ ይወርዳል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች የተነሡ ሠፋሪዎች በመተከል በፓዌ ሲሠፍሩ፣ ከዋናው የጎጃም መንገድ ወደ ሥፍራው የሚገነጠለው መስመር ይኸው ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከመተከል ዞን የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች በቻግኒ ራንች በተባለው መጠለያ ተጠግተው በነበረ ጊዜ፣ የእርዳታ ተሽከርካሪዎች በዚሁ ቁልቁለትና አቀበት ተመላልሰዋል። ክረምቱ በሚጠናበት፣ ከእንጅባራም ሆነ ከዳንግላ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጡት መንገዶች ጭቃ በሚሆኑበት ወራት፣ አንድ መኪና ከሥራ መውጣቱ የአንድ ቀበሌ ዕደላ መዘግየት ማለት ነው። የዘመመ መኪና ደግሞ ከሥራ ከመውጣቱ በፊት በቁልቁለት መታጠፊያ ላይ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ የተያዘው ጉዳይ የመልክ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ መታወቅ የሚገባው የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ምን እንደሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተሠራው ላንድ ሮቨር ሲሪስ 3 በአራቱም ጎማ በኩል በባሌስትራ የቆመ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 70 ዝርያም በከባድ ሥራ ሞዴሎቹ የኋላውን ክብደት ያሳረፈው በባሌስትራ ላይ ነው። በሌሎች ሞዴሎች ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ሞላ ነው። ሾክ አብዞርበር ግን የመኪናውን መንጠር ያበርዳል እንጂ ክብደቱን አይሸከምም። በመሆኑም መኪናው ስለዘመመ ብቻ ሾክ አብዞርበር እንዲገዛ የሚቀርብ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብን ያለ ውጤት ማውጣት ይሆናል።

ምርመራው የሚጀምረው በመፍቻ ሳይሆን በሜትር ነው። መኪናው ጭነቱን አራግፎ በተስተካከለ መሬት ላይ ይቁም። የአራቱም ጎማዎች ልክና ንፋስ ይታይ፤ በአንድ ጎን ያለ ያነሰ ወይም ያለቀ ጎማ ብቻውን መኪናን ያዘማል። ከዚያም በኋላ በሁለቱም ጎን ሁለት ልኬት ይወሰድ። አንደኛው ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ቁመት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከኋላው አክስል እስከ ሻንሲው ያለው ክፍተት ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው ልኬት በግራ 54፣ በቀኝ 50 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ሁለተኛው በሁለቱም ጎን እኩል ቢገኝ፣ ባሌስትራው ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ያለው አካሉ ሻንሲው ላይ በሚያርፍባቸው ላስቲኮች ወይም ቀድሞ ተመትቶ በተጠገነ ቆርቆሮ ላይ ነው። የሁለተኛው ልኬት ልዩነት ከመጀመሪያው ጋር ሲስማማ ግን ምርመራው ወደ ታች ይወርዳል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥፋቱ በእርግጥ ከኋላ ነወይ የሚለው ነው። የፊት ባሌስትራ ሲደክም ሻንሲውን አጋድሎ የኋላውን የዘመመ ሊያስመስል ይችላል። ይህንን ለመለየት የኋላ ጎማዎች በታኮ ይያዙና የፊቱ የሻንሲ ክፍል ልክ መሐሉ ላይ በክሪክ ይነሣ። ፊቱ በአንድ ነጥብ ላይ ሲቆም በኋላው ላይ የነበረው ግፊት ይቀራል። የኋላው በዚህ ጊዜ ከተስተካከለ ጥፋቱ የፊቱ ነው፤ እንደዘመመ ከቀረ የራሱ የኋላው ነው። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም ሰው መግባት የለበትም።

ጥፋቱ ከኋላ መሆኑ ሲረጋገጥ ጭቃው ታጥቦ ባሌስትራው በዓይን ይመርመር። የተሰበረ ቅጠል አለን? የቅጠሎቹ ቁጥርና ውፍረት በሁለቱም ጎን እኩል ነውን? በቅጠሎቹ መካከል የገባ ዝገት እንቅስቃሴያቸውን አግዷልን? ባሌስትራውን ከሻንሲው የሚያገናኘው ተወዛዋዥ ማያያዣ ደርቋልን ወይስ ተገልብጧል? ቅጠሎቹን የሚያስተሳስረው የመሐል ብሎን ሲቆረጥ አክስሉ ከቦታው ስለሚንሸራተት፣ ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት ያለው ርቀት በሁለቱም ጎን ተለክቶ ይነጻጸር።

በዚህ ሁሉ ምንም ካልተገኘ፣ የግራና የቀኝ ባሌስትራዎች አንድ ዓይነት በሆኑበት መኪና፣ የሁለቱን ቦታ ማለዋወጥ ቁርጠኛ ፈተና ነው። መዝመሙ ባሌስትራውን ተከትሎ ጎን ከለወጠ የደከመው ባሌስትራው ነው፤ በነበረበት ጎን ከቀረ ምክንያቱ በሻንሲው ወይም በጭነቱ ይፈለጋል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በብዙዎቹ የላንድ ሮቨር ሲሪስ ሞዴሎች በሾፌሩ በኩል የሚገባው ባሌስትራ ከሌላው ይበልጥ የጎበጠ ሆኖ ይሠራ ነበር። ሁለቱ በስሕተት ተለዋውጠው ከተገጠሙ አዲስ ባሌስትራ የገባለት መኪና እንኳ ከጋራዥ ዘሞ ይወጣል።

ከሁሉ የሚያሰጋው የሻንሲ ስንጥቅ ነው። ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት ሥፍራ ጭቃና ውኃ ስለሚቋጠሩ ብረቱ ከውስጥ ይበላል። በአንዳንድ ቦታ የሚታየው ልማድ፣ መኪና ሲዘም ምክንያቱን ሳይመረምሩ በዘመመው ጎን አንድ ቅጠል መጨመር ነው። ይህ ሲደረግ መኪናው ለዓይን ይስተካከላል፤ የተሰነጠቀው ሻንሲ ግን በደነደነው ባሌስትራ አማካይነት የባሰ ምት እየተቀበለ ይቆያል። የተሰበረ ቅጠልን መበየድም አይገባም፤ የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጥንካሬና መለጠጥ ስለሚያጠፋ ቅጠሉ እንደገና ይሰበራል። ባሌስትራ በሚለወጥበት ጊዜ በጥንድ ይለወጥ፤ የላስቲክ ቡሽ ያላቸው ማያያዣዎች ብሎኖችም መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ በመጨረሻ ይጥበቁ። ተሰቅሎ ሳለ ከጠበቁ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ስለሚቀር ልኬቱን ያዛባል፤ ቶሎም ይቀደዳል። አክስሉን የሚያስሩት ብሎኖች ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተኬደ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው።

እስከዚህ የተነገረው የመካኒኩ ሥራ ነው። የቀረው የኃላፊው ነው። ባሌስትራ ያለ ምክንያት በአንድ ጎን ብቻ አይደክምም። አራት ባለ 20 ሊትር የውኃ ጀሪካኖች በአንድ ጎን ሲደረደሩ 80 ኪሎ ግራም ይሆናሉ፤ በዚያው ጎን የነዳጅ ጋንና ትርፍ ጎማ ካሉ፣ ሾፌሩ ከመነሣቱ በፊት መኪናው አድልቷል። በቀኝ የሚነዳ መኪና የመንገዱን ዝቅ ያለ ጠርዝ ዘወትር በቀኙ ስለሚረግጥ ክብደቱ ወደዚያው ያዘነብላል። እንግዲህ ጀሪካኑና የእህሉ ከረጢት በሁለቱም ጎን እኩል እንዲከፈሉ፣ ከባዱም ዕቃ በሁለቱ አክስሎች መካከል እንዲያርፍ የማዘዝ ሥልጣን ያለው የስምሪት ፈቃዱን የሚፈርመው ኃላፊ ነው። ከተወሰነው በላይ እንዲጭን የታዘዘ ሾፌር ስለ ተሰበረ ባሌስትራ ብቻውን ሊጠየቅ አይገባውም።

ይህን በሥራ ላይ ለማዋል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ይከፈት፤ በየወሩ፣ እንዲሁም ክረምት ሳይገባና ከወጣ በኋላ፣ የአራቱም ማዕዘን ልኬት በቀኑ ይመዝገብ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት በማናቸውም መኪና ላይ ይኖራል፤ ከወር ወደ ወር እየሰፋ የሚሄድ ልዩነት ግን አስቀድሞ የተላከ መልእክት ነው። ይህ መልእክት በሚያዝያ ቢነበብ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጊዜ አለ። በሐምሌ ሲነበብ መኪናው በጭቃ መካከል፣ ተረጂው በተስፋ መካከል ይቆማሉ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ስለሆነም የእርዳታ ሥራ ኃላፊዎችና ሠራተኞች ሁሉ የእህሉን ሚዛን በሚቆጣጠሩበት ጥንቃቄ የመኪናውንም ሚዛን እንዲቆጣጠሩ በአክብሮት ይጠየቃሉ።