ሐውልት ወይስ አዳራሽ?
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን «ለመታሰቢያ የሚሻለው ሐውልት ነው ወይስ አዳራሽ?» የሚል ክርክር ተነሥቶ ሳይቋጭ መቅረቱን ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ዛሬ በሎንዶን፣ ከዌስትሚንስተር ገዳም አጠገብ ስለሚገኘው የሜቶዲስቶች ማእከላዊ አዳራሽ ጥቂት እናገራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ይህ ቤት የሜቶዲስቶች መሥራች ጆን ዌስሊ ያረፈበት መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። ዌስሊ የሞተው በ1791 ሲሆን፣ ሥራው በ1905 ተጀምሮ ቤቱ በ1912 ተከፈተ። ገንዘቡ ከአንድ ባለጠጋ ኪስ አልወጣም። ዕቅዱ አንድ ሚሊዮን ምእመናን እያንዳንዳቸው አንድ ጊኒ፣ ማለት አንድ ፓውንድ ከአንድ ሽልንግ እንዲያዋጡ ነበረ፤ ከተዋጣውም ከፊሉ ለዚህ ሕንፃ ዋለ። የሰጪዎቹ ስም የተጻፈባቸው 50 መዛግብት እዚያው ተቀምጠዋል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልምጣ። ጎረቤቱ ገዳም ቅስቱ ሹል፣ ግንቡም ወደ ላይ የሚመዘዝ የጎቲክ ሥራ ነው። ላንቸስተርና ሪካርድስ የተባሉት ነዳፊዎች ግን ይህን አልተከተሉም፤ ባሮክ የተባለውን፣ የቲያትር ቤትና የቤተ መንግሥት መልክ ያለውን ስልት መረጡ። እንዲህ ያሉ አዳራሾች የቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይረግጠውን ሰው ጭምር እንዲጠሩ የታሰቡ ነበሩና። ዌስሊም ራሱ በሜዳ ይሰብክ ነበረ። ብረት በገባበት ኮንክሪት የተሠራው ሰፊው ጉልላት በዚያ ሜዳ ላይ የተደፋ ጣሪያ ነው ቢባል ያስኬዳል። ከሥሩ ከ2,000 የሚበልጥ ሕዝብ ይቀመጣል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ በየማዕርጋቸው ተለይተዋል፤ እዚያ ግን ዋናው ነገር ተናጋሪውና ሰሚው መገናኘታቸው ነው።

ከጓደኞቻችን አንዱ «ሁሉ የሚሰበሰብበት ቤት የማንም መታሰቢያ አይሆንም» ብሎ ነበር። አባባሉ ቀላል አይደለም። በዚያ አዳራሽ የሚሰበሰበው ሁሉ ዌስሊን ያስባል ማለት አልችልም። ሆኖም ማሃትማ ጋንዲ በ1931 በዚያ ቤት ተናግረዋል። በጥር 1946ም የተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያ ጠቅላላ ጉባኤ የተከፈተው በዚሁ ጉልላት ሥር ነው፤ ከ51ዱ መሥራች አባሎች አንዷም አገራችን ኢትዮጵያ ነበረች። ባለቤቶቹ ምእመናን በዚያን ጊዜ ለጸሎት ሌላ ስፍራ ፈልገው ቤቱን ለእንግዶች ለቀቁ። ለሟቹ ሰባኪ ከዚህ የበለጠ ምን መታሰቢያ ይገኝለት ኖሯል?

ሐውልት አይቶት ለሚያልፍ ነው፤ አዳራሽ ግን ገብቶ ለሚነጋገር ነው። ስለዚህ ድምፄን ለአዳራሹ እሰጣለሁ። አዋጡ ስትባሉም ሁላችሁ እኩል አዋጡ፤ ስማችሁም በአንድ መዝገብ ይጻፍ።