ስለ ሴት ልጅ የሩካቤ ደስታ
(በተማሪዎች ማኅበር አዳራሽ የተደረገ ንግግር)



በአገራችን ስለ ሩካቤ ሥጋ ሲወራ የሚነሣው ወይ መውለድ ነው ወይ በሽታ። ስለ ወንዱ ደስታ ቀልዱም ተረቱም ሞልቷል፤ ሴቲቱ ደስ ይላት እንደሆነ የሚጠይቅ ግን የለም ማለት ይቻላል። እኛ ይህንኑ ልንጠይቅ መጥተናልና፥ አካሉን በስሙ ስንጠራ እንድትታገሡን እንለምናለን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ በ1905 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ሴት በቂንጥሯ የምታገኘው ደስታ የልጅነት ነው፤ ስታድግ ስሜቷ ወደ ብልቷ ውስጠኛ ክፍል መዛወር አለበት አለ። ከዚያ ወዲህ የሴት እርካታ «የቂንጥር» እና «የውስጥ» ተብሎ ተከፈለ፤ ሁለተኛውም የበሰለች ሴት ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ። ብዙ ጤነኛ ሴቶች ጉድለት ያለባቸው መሰላቸው። የፍሮይድ ተከታይ የነበረችው ልዕልት ማሪ ቦናፓርት ቂንጥሯ ወደ ውስጥ እንዲቀርብላት በቀዶ ጥገና እስከ መታከም ደረሰች፤ አልጠቀማትም።

አሜሪካውያኑ ዊልያም ማስተርስና ቨርጂኒያ ጆንሰን በላቦራቶሪ ያዩትን በ1966 ሲያሳትሙ፥ የሚነካው ቦታ ቢለያይም የሰውነት ሂደቱ አንድ ነው አሉ፤ ደም ወደ ብልት ይጎርፋል፥ ጡንቻ ይወጠራል፥ ከዚያም እየተኮማተረ ይለቃል። በ1998 ደግሞ አውስትራሊያዊቷ ሐኪም ሄለን ኦኮነል ከውጭ የሚታየው የቂንጥር ጥቂት ክፍል ብቻ መሆኑን አሳየች፤ የቀረው ወደ ውስጥ ገብቶ የሽንት ቧንቧውንና የብልቱን ግድግዳ ከጎንና ከጎን ያቅፋል። እርግጥ ስሜቱ እንደ ቦታው ይለያያል የሚሉ ሴቶች አሉ፤ ይህን አንክድም። የምንቃወመው ደረጃ ማውጣቱን ነው። በመግባት ብቻ የማይረኩ ሴቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ በሽታም አይደለም። ወንድሞቻችን፥ «ምን ደስ ይልሻል?» ብሎ መጠየቅ ወንድነትን አይቀንስም!

ይህ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ቢኖር፥ በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነው ኢትዮጵያውያት 65 ከመቶው የተገረዙ ነበሩ። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ ግርዛትን ይቀጣል፤ ነገር ግን ያልተገረዘች ዕቃ ሰባሪ ትሆናለች የሚለው ወሬ ገና አልጠፋም፤ የአካሉም ስም ዛሬ ድረስ መሰዳደቢያ ነው። በሕፃንነቷ ተቆርጣ «ከእንግዲህ ምንም አይሰማኝም» ብላ ተስፋ የቆረጠች እኅት በመካከላችን ልትኖር ትችላለች። ምላጩ የሚያጎድለው ብዙ ነው፤ ሕመምና ጠባሳም ይተዋል። ሆኖም አብዛኛው የአካሉ ክፍል በውስጥ ስለሚቀር፥ ደስታ የሚያገኙና የሚረኩ የተገረዙ ሴቶች ብዙ ናቸው። ሕመም የሚሰማት ግን ሐኪም ዘንድ ትሂድ እንጂ ዕጣዬ ነው ብላ አትቀመጥ።

ሥዕሉን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሥለነዋል። በቃል መጠየቅ የሚያፍር ስሙን ሳይጽፍ ጥያቄውን በበሩ አጠገብ ካለው ሣጥን ውስጥ ይጨምር፤ አሁን ከፍተን እናነባለን።