ይቅርታው የማን ነው?

(ይህ ጽሑፍ በአንድ የሰፈር ዕድር አዳራሽ ውስጥ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ ነው።)



የዕድራችን ዳኛ «ሃይማኖቶቻችን ከባድ ወንጀል የሠራን ሰው ይቅር ስለማለት ምን ይላሉ? አንተ ጋዜጠኛ ነህና ጠይቀህ፣ አገላብጠህ ንገረን» ሲሉኝ፣ «ጋሼ፣ እኔ ቄስም ሼኽም ፓስተርም አይደለሁ፣ ያለኝ የኮሌጅ ዲፕሎማ ብቻ ነው» ብዬ ላመልጥ ሞክሬ ነበር። እሳቸው ግን «ቄሱንማ በየሳምንቱ እንሰማቸዋለን» ብለው አፌን አስያዙኝ። እንግዲህ መጥቻለሁ፤ ካጠፋሁ ተጠያቂው እሳቸው ናቸው።

ነገሩን ከሰማይ ሳይሆን ከምድር ልጀምረው። በ2003 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ የያኔው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ሞት የተፈረደባቸውን የ23 የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡላቸው። ከዚያ በፊት የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን መሪዎች ተሰብስበው ይቅርታ ይደረግላቸው ሲሉ መንግሥትን ለምነዋል። ወራት ሳይቆይ፣ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ብዙዎቹ 20 ዓመት ታስረዋልና በአመክሮ ይውጡ ተብለው ከወህኒ ወጡ። ታኅሣሥ 1987 ላይ የተከፈተው ችሎት ጥፋተኛ ለማለት እስከ ታኅሣሥ 1999 ድረስ 12 ዓመት ፈጅቷል። ጥር 1999 ዕድሜ ልክ ተፈረደ። ግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት አሳደገው። ያ ሁሉ ዘመን የፈጀ ነገር በአንድ ሽምግልና ተቋጨ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅልኝ። እኔ ሰው ይሰቀል የምል ሰው አይደለሁም። እነዚያ ሰዎች አለመሰቀላቸው ደግ ሆነ። በሃያ ዓመት እስር ያረጀን ሰው ገመድ ላይ ማውጣት ለማንም አይበጅም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለመሆኑ ማን ነው ይቅርታ የጠየቀው? የተጠየቀውስ ማን ነው?

አባቶች ጠየቁ፣ መንግሥት ፈቀደ። ባለደሙስ? ከተጎጂ ቤተሰቦች መካከል ያኔ ነገሩን የተቃወሙ ነበሩ። እነሱን ግን «ይቅር ማለት የማይወዱ» አድርጎ የማየት ነገር መጣ። እንዲህ ነው እንግዲህ! የተገደለበት ሰው በመጨረሻ ጨካኝ ተባለ።

አሁን ወደ ሃይማኖቱ ልግባ። ክርስቲያን የሆናችሁ፣ ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ ለሰቃዮቹ ምሕረት መለመኑን ታነሡብኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ልብ በሉልኝ፤ የተሰቀለው እሱ ራሱ ነው። ይቅር ያለው በሌላ ሰው እጅና እግር ላይ በተመታ ችንካር አይደለም። ጴጥሮስም ወንድሜ ቢበድለኝ ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው ብሎ ሲጠይቅ፣ ስለ ራሱ በደል ነው የጠየቀው። ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለው ለተበደለው ነው። ጎረቤቴ ለተበደለው እኔ ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር ብል ቸርነት አይባልም፤ በሰው ገንዘብ መመጽወት ነው።

ሌላም አለ። መባህን ልታቀርብ መጥተህ ወንድምህ የተቀየመህ መሆኑ ትዝ ቢልህ፣ መባህን እዚያው ትተህ መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ ነው የተባለው። ቅያሜው ያለበት ሰው ደጅ ከመሠዊያው ይቀድማል ማለት ነው። ዘኬዎስ የተባለው ቀራጭ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ነው። በተዋሕዶ ሥርዓትም ንስሐ የሚገባ ሰው ለነፍስ አባቱ ይናዘዛል፣ ቀኖና ይቀበላል፣ የቀማውን ይመልሳል። አንድ አረጋዊ ካህን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ላሟን በረቱ አስሮ ስለ ላም ሌብነት የሚናዘዝን ሰው ምን ብዬ ልፍታው?» አሉኝ።

እስልምናው በዚህ ጉዳይ ላይ እንዲያውም ፍርጥም ያለ ነው። የአላህ ሐቅና የሰው ሐቅ ይለያያሉ። አላህ የራሱን ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለሐቁ አውፍ ማለት አለበት። ሆን ተብሎ በተፈጸመ ግድያ ሦስቱ መንገዶች በሟች ወራሾች እጅ ናቸው፦ ቂሷስ መጠየቅ፣ የደም ካሣ መቀበል፣ ወይም በነፃ አውፍ ማለት። አውፍ ማለቱ እንደሚሻል ቁርአን ራሱ ያበረታታል። ነገር ግን ወራሹ እያለ ሱልጣኑ ተነሥቶ «እኔ ምሬዋለሁ» ሊል አይችልም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ የወሎ ሰዎች «አፉ በሉኝ» ስትሉ ቃሉ ከዚያ የመጣ ነው። የሚባለውም ፊት ለፊት፣ ለተበደለው ሰው ነው።

አይሁዶችም ቢሆኑ ትልቁ የማስተስረያ ቀናቸው ሰው በፈጣሪው ላይ የሠራውን እንጂ በባልንጀራው ላይ የሠራውን፣ ባልንጀራው ካልታረቀው በቀር፣ አያስተሰርይም ብለው ያስተምራሉ።

መጽሐፉን እንኳ ትተን የአያቶቻችንን ወግ ብናይ ያው ነው። በድሮው ሥርዓት ነፍስ ያጠፋ ሰው ለባለደም ተላልፎ ይሰጥ ነበር። ዳኛውም፣ ካህኑም፣ ሽማግሌውም በባለደሙ ፊት ወድቀው ደሙን በገንዘብ እንዲያደርቅለት ይለምኑ ነበር። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል። በኦሮሞው ጉማ አለ፣ በሌላውም እንዲሁ የየራሱ ሥርዓት አለ። ያ ሥርዓት ጭካኔም ነበረበት፣ መንግሥት ደሙን ከግለሰብ እጅ መውሰዱም ቂም በቀልን ለማቆም የበጀ ነው፤ ይመለስ አልልም። ነገር ግን ልመናው ወደ ማን እንደሚቀርብ ያኔ ማንም አይሳሳትም ነበር።

አሁን ደግሞ ሕጉን እዩልኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል በይርጋ እንደማይታገድ፣ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንደማይታለፍ ደንግጓል። የሞት ፍርድን ብቻ ርእሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ ሊለውጠው ይችላል። እንግዲህ በ2003 የተደረገው ያ ነው፤ ቅጣት ተለወጠ። በሕጉ ቋንቋ ይቅርታ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ሊኖርም አይችልም ነበር። ታዲያ አባቶችን ምን አስፈለጋቸው? በኔ ግምት መንግሥት ሕጉ የከለከለውን ቃል በሃይማኖት አንደበት ለማስነገር ፈልጎ ነው። (ይቺ «ይቅርታ» የምትባል ቃል በኢሕአዴግ ዘመን ብዙ ጉድ አይታለች። በ1999 ዓ.ም. የቅንጅት መሪዎች ይቅርታ ጠይቁ ተብለው ፈርመው ነው የወጡት። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ስለዚያ ይቅርታ በተናገሩት ሰበብ ታኅሣሥ 2001 ላይ ተመልሰው ታሰሩ። ሰው ያልገደለው ፈርሞ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ለገዳይ ደግሞ ጳጳስ ይጠይቅለታል!)

በአባቶች ላይ ግን ጨክኜ መናገር አልፈልግም። ነገሩ ለነሱም ቀላል አልነበረም። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፣ በ1971 ተገደሉ። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው በ1971 ሐምሌ ላይ ታፍነው ተገደሉ። የሁለቱም ዐፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት! አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በደርግ ለዓመታት ታስረዋል። ስለዚህ አቡነ ጳውሎስ ስለ ራሳቸው እስር ይቅር ቢሉ መብታቸው ብቻ ሳይሆን የሚያስከብራቸው ነው። የቄስ ጉዲና ቤተሰብ ስለ ቄስ ጉዲና ይቅር ቢል እጅ የሚነሣበት ነው። ከዚህ አልፎ ስለ ጨርቆስና ስለ መርካቶ እናቶች ልጅ ይቅር ለማለት ግን ጵጵስናም አይበቃም፣ ኢማምነትም አይበቃም።

ስለ እናቶች ካነሣሁ አይቀር፣ በ2008 ዓ.ም. ለአንድ ጽሑፍ ያነጋገርኳቸውን እናት ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም። ያኔ ሰማንያን አልፈው ነበር። ልጃቸው በ1970 ከቤት ተወሰደ። እንደሌሎቹ ወረቀት ተለጥፎበት ጎዳና ላይ አልተገኘም፣ ሬሳውን ውሰዱ ያላቸውም የለም። ማልቀስ ክልክል ነበር፣ ድንኳንም አልተጣለም። የባለሥልጣናቱን መፈታት እንዴት ያዩታል አልኳቸው። ይናደዳሉ ብዬ ነበር። «መንግሥት ያሰረውን ፈታ፤ እኔ አላሰርኩ። የኔን ልጅ የወሰደው ሰው መጥቶ የት እንደጣለው ይንገረኝ። ቡና አፈላለታለሁ። ከዚያ ይቅር በይኝ ይበለኝና፣ እኔም ያን ጊዜ ልቤን እጠይቀዋለሁ» አሉኝ። አላልኩም ይቅር፣ አልልምም አላሉም። ማንም መጥቶ አልጠየቃቸውም፤ ያው ነው። ከተፈቱት ባለሥልጣናት ትዝታቸውን በመጽሐፍ ያሳተሙ አሉ፣ ጥሩ ነው፣ ታሪክ ነው። የሳቸው መልስ ግን መጽሐፍ መደብር ሳይሆን ደጃቸው ድረስ ነበር መምጣት ያለበት።

ሚዛኔን ለመጠበቅ፣ ባለሥልጣናቱ እስር ላይ ሳሉ ሕዝብን ይቅርታ የምንጠይቅበት መድረክ ይሰጠን ብለው በጽሑፍ አመልክተው እንደነበር መናገር አለብኝ። አልተሰጣቸውም። ያ መድረክ ቢሰጥ፣ እናቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው «የኔስ የታለ?» ቢሉ፣ ታሪካችን ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

«ደቡብ አፍሪካ ይቅር ተባብላ የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ሰዎች የሚያስታውሱት ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ማልቀሳቸውን ነው። ኮሚሽኑ ምሕረት የሚሰጠው ግን የሠራውን ሁሉ በአደባባይ ለተናገረ ብቻ ነበር። ካመለከቱት 7,112 ሰዎች ውስጥ ያገኙት 849 ብቻ ናቸው። በ1977 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እስር ቤት የሞተውን የስቲቭ ቢኮን ጉዳይ ይዘው የቀረቡት ፖሊሶች እውነቱን አልተናገሩም ተብለው በ1999 ተከለከሉ። ያም ሆኖ የቢኮ ቤተሰብ ምሕረቱን ገና ከመነሻው ተቃውሞ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዷል፤ በ1996 ተረታ እንጂ። እዚያም ቢሆን ባለደሙ ሙሉ በሙሉ አልተሰማም። እኛ ግን የነሱን ግማሽ እንኳ አልሠራንም።

ይህን ሁሉ የማነሣው የደርግ ነገር ቆጭቶኝ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2013 በጣልያን ኤምባሲ 29 ዓመት ተጠልለው የኖሩት ሁለቱ ባለሥልጣናት ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላ ቅጣታቸው እንዲሁ ተለውጦላቸው በአመክሮ ተለቀቁ። ያኔ ስለ ባለደም ያነሣ ሰው አልሰማሁም። ለምደነዋል። በዚያው ሰሞን ሰሜኑ በጦርነት እየነደደ ነበር። ጥቅምት 2015 ላይ ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ፣ ሚያዝያ 2016 ላይ ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጸደቀ። ክስም፣ እውነት ማፈላለግም፣ እርቅም፣ በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ምሕረትም፣ ማካካሻም አለበት። በወረቀት ላይ ክፉ አይደለም። ፍርሃቴ አንድ ነው። አባቶች እንደገና ነጭ ለብሰው ከባለሥልጣናት ጋር ይቀመጣሉ፣ እርግብ ይለቀቃል፣ ቴሌቪዥን ይቀርጻል፣ በትግራይ፣ በአማራ፣ በአፋር፣ በኦሮሚያ ልጇን ያጣች እናት ደግሞ «አንቺስ ለምን ይቅር አትይም?» ተብላ ትጠየቃለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል እኮ የተወጋው ቂመኛ ነው ለማለት አይደለም፤ ቁስሉ እሱ ላይ ስላለ ነው።

የሃይማኖት አባቶች ሥራ በኔ እይታ መጀመሪያ ወደ ገዳዩ መሄድ ነው። «ልጄ፣ ተናዘዝ፤ የት ቀበርካቸው?» ማለት። ቀጥሎ ይዞት ወደ ባለደም ደጅ መምጣት። እሺ ካለች አሜን፣ እምቢ ካለችም አሜን። መንግሥት ቅጣት ያቅል፣ ያክብድ፣ ያ የሕግ ነገር ነው። ይቅር ለእግዚአብሔር ማለት ግን የሷ ነው።

እንግዲህ እዚህ ከመጣሁ አይቀር ዕድሩን አንድ ነገር ልለምን። ዕድራችን የቀብር መዝገብ አለው። በ1969 እና በ1970 የዚህ ሰፈር ልጆች ሲረግፉ ዕድሩ ድንኳን መትከል፣ ጥሩንባ ማስነፋት አልቻለም፤ ተከልክሏል። ስለዚህ ስማቸው መዝገቡ ላይ የለም። ከዚያ ወዲህም በጦርነቱ ልጁ ሄዶ መርዶ ብቻ የመጣበት ቤት እዚህ ውስጥ አለ። መዝገቡ ይከፈትና ስማቸው፣ የተወሰዱበት ቀን፣ ባለደሙ ማን እንደሆነ ይጻፍ። ነገ ይቅርታ የሚሰበስቡ ሽማግሌዎች ቢመጡ ቤት ቁጥሩን ከዚያ ያገኙታል። ጸሐፊ ከጠፋ እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም።