ቅባትን የሚያስለቅቅ፣ አሉሚኒየምን የማይበላ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ዕለት ከጋራዥ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በዛሬው ቀን ስለ ገበያና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ተነግሯል። እኔ መካኒክ ነኝና የምናገረው ስለ ቅባት ማጽጃ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩትን ቴስታታ ተመልከቱልኝ። የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተር ቴስታታ ነው። እንዲህ ጎድጓዳ ያደረገው የሥራ ብዛት አይደለም፤ እኔው ነኝ።

ወደ ዩኒየኑ ከመምጣቴ በፊት በሌላ ጋራዥ እሠራ ነበር። አንድ ገበሬ ሽንኩርቱ ውሃ በሚፈልግበት ሰሞን ሞተሩን አመጣልኝ። ቴስታታውን ፈትቼ የብረት ዕቃ በምንዘፈዝፍበት የኮስቲክ ሶዳ በርሜል ውስጥ ከተትኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ሳወጣው ቅባቱ ለቋል፤ የቴስታታው ገጽም አብሮ ለቋል። ጓርኒሲዮን የሚያርፍበት ቦታ ስለተበላ አዲስ ብንቀይርለትም ሞተሩ ትንፋሽ መያዝ አልቻለም። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሽንኩርቱ ደረቀ። የቴስታታውን ዋጋ ከፈልኩ፤ የሽንኩርቱን ግን ከየት አምጥቼ?

አሉሚኒየም ክብደቱ ከብረት ሲሶ ያህል ነው። ስለዚህ ፒስተን፣ የሞተር ሳይክል ሞተር አካል፣ የብዙ መኪኖች የካምቢዮ ቤት ከእርሱ ይሠራሉ። ላዩን የሚጠብቀው ከአየር ጋር ተዋህዶ የሚፈጠር በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ነው። ኮስቲክ ሶዳ ይህን ሽፋን ያሟሟና ውስጡን መብላት ይጀምራል። ያን ጊዜ የምናየው አረፋ ሃይድሮጂን ጋዝ ነው፤ በተዘጋ ቤት ተጠራቅሞ እሳት ካገኘ ይፈነዳል። የባትሪ አሲድ፣ የዝገት ማስለቀቂያ አሲድና በረኪናም ለአሉሚኒየም ጠላት ናቸው። የአመድ ውሃ የፈላበት የአሉሚኒየም ድስት እንደሚጠቁር እናቶች ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ።

«እንግዲያው በቤንዚን እንጠበው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ቤንዚን አሉሚኒየሙን አይነካም፤ የሚጎዳው አጣቢውን ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ እንፋሎት ይሰጣል። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተጉዞ ዘበኛው ቡና የሚያፈላበት ከሰል ዘንድ ይደርሳል። በውስጡ ያለው ቤንዚን የተባለው ኬሚካል፣ ነዳጁን ማለቴ አይደለም፣ ስሙ ተመሳሰለ እንጂ፣ ካንሰር የሚያመጣ ነው። ናፍጣ ግን እንዲያ ለመቀጣጠል ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ ስላለበት ይሻላል። ቢሆንም በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ቶሎ ስለሚቀጣጠል ከእሳት ይራቅ፤ ናፍጣን በግፊት መርጨትም አይገባም።

እኛ አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ወፍራሙን ጭቃና ቅባት በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ እናነሳለን። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ጓርኒሲዮን የሚያርፍበትን ገጽ አንነካም፤ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ የተጫረው ቦታ ዘይት ያሳልፋል። ቀጥሎ ጓንት አድርገን በናፍጣና በለስላሳ ብሩሽ እናጥባለን። ናፍጣ ራሱ ቅባት ትቶ ስለሚሄድ በመጨረሻ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አጥበን፣ በደንብ አለቅልቀን እናደርቃለን። የልብስ ዱቄት ሳሙና ከፈሳሹ ይልቅ ጠንከር ያለ ነውና ቶሎ ታጥቦ ከተለቀለቀ ጉዳት የለውም፤ ዘፍዝፎ ማሳደር ግን አይሆንም።

ለግዢ ኮሚቴ አባላት አንድ ልመና አለኝ። ማጽጃ ስትገዙ ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚል ካለበት ለብረት እንጂ ለአሉሚኒየም አይሁን። ለአሉሚኒየም እንደሚስማማ የተጻፈበትን ምረጡ፤ የደህንነት መረጃ ወረቀቱንም ከነጋዴው ጠይቁ። ምንም ጽሑፍ በሌለው ጄሪካን የሚመጣውን፣ ቢረክስም፣ እኔ አልረከብም። ይህን ስል የሚከፉ እንዳሉ አውቃለሁ። አዲስ ማጽጃ ሲመጣ በተጣለ የአሉሚኒየም ስብርባሪ ላይ ጠብ አድርገን ሩብ ሰዓት እንጠብቃለን። አረፋ ካወጣ ወይም ካጠቆረ ይመለሳል።

ለወረዳ ኃላፊዎቻችን ደግሞ፤ የታጠበበት ናፍጣ ወደ መስኖ ቦይ እንዳይፈስ በርሜል ውስጥ እያጠራቀምን ነው። ጭቃው ከረጋ በኋላ ከላይ ያለውን መልሰን እንጠቀምበታለን። ከሥር የሚቀረውን ዝቃጭ ግን የምናስወግድበት ቦታ የለንም፤ ሁለት በርሜል ሞልቶ ጋራዡ ጓሮ ቆሟል። ቦታ እንዲመራልን እንጠይቃለን።

ቴስታታውን ከምሳ በኋላም እዚሁ አቆየዋለሁ፤ በእጃችሁ ዳስሳችሁ እዩት።