ዳኛ ከየት ይመጣል?
(በአጥቢያችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይሉ ነበር። በቅሎን የሚያህል ሀብት በፍርድ ቢወሰድ ይቻላል፤ ጭብጦ የምታህል ነገር ያለ ፍርድ ብትወሰድ ግን ታንገበግባለች ማለታቸው ነው። ፍትሐ ነገሥታችንም ከ51 አንቀጾቹ አንዱን ለዳኞች ሰጥቷል። እንዲህ ፍርድን የምናከብር ሕዝብ ሆነን ሳለ፣ እዚህ ሞርስ ሮድ አካባቢ ስንኖር ስለሚዳኙን ሰዎች የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነው።

እኔም የነቃሁት ዜግነት አግኝቼ ለጁሪነት በተጠራሁ ጊዜ ነው። ወደ ችሎቱ ስንገባ ጠበቆቹ ሁሉ ተነሥተው ተቀበሉን። በአገሬ ለዳኛ ስነሣ የኖርሁ ሰው፣ ለእኔ ሲነሡ ባየሁ ጊዜ ደነገጥሁ። ያን ዕለት «ዳኛውስ ወደዚህ ወንበር እንዴት መጣ?» ብዬ ጠየቅሁ።

በኦሃዮ መልሱ ግልጽ ነው። ከባድ ወንጀልን፣ የንብረት ክርክርን፣ ፍቺንና ውርስን የሚያየው የካውንቲው ፍርድ ቤት ኮመን ፕሊስ ይባላል። ዳኞቹን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው፤ የሥራ ዘመናቸውም 6 ዓመት ነው። ለመወዳደር ቢያንስ 6 ዓመት በሕግ ሙያ መሥራት ያስፈልጋል። 4 ዓመት ኮሌጅ፣ 3 ዓመት የሕግ ትምህርት፣ የጥብቅና ፈተና፣ ከዚያም 6 ዓመት ሥራ፤ በድምሩ 13 ዓመት ያህል ነው። የሕግ ትምህርት ቤትም እዚሁ ኮለምበስ አለ። 70 ዓመት የሞላው ሰው አዲስ የሥራ ዘመን መጀመር አይችልም። ይሁን እንጂ ጡረታ የወጣ ዳኛ ፈቃደኛ ከሆነ፣ በግዛቱ ዋና ዳኛ ተመድቦ ዳግም ሊያስችል ይችላል። ልምዱ ከካባው ጋር አይሰቀልም።

«ይህ ለእኛ ልጆች አይሆንም» የሚል ቢኖር፣ ወደ ፍሎሪዳ ይመልከት። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር ነበሩ፤ በኋላም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ልጃቸው ኒና አሸናፊ ሪቻርድሰን በጥብቅና ሙያ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በታላሃሲ ከተማ፣ በሊዮን ካውንቲ ሕዝብ ድምፅ ዳኛ ሆነው ተመረጡ። አባት ዜማን አስተማሩ፤ ልጅ ፍርድን ያዙ። ስማቸው ግን «አሸናፊ» እንደተባለ በችሎቱ ይጠራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ «ሕግ ልማር» ቢላችሁ፣ ሐኪም እንዲሆን ብቻ አታስጨንቁት። ዜጎች የሆናችሁም፣ የዳኞች ስም በድምፅ መስጫው ወረቀት ወደ ታች ስለሚገኝ፣ ሳትደርሱበት አታቁሙ። ባዶ የተውነውን ቦታ ሌላው ይሞላዋል፤ ነገ በልጃችን ጉዳይ የሚቀመጠው ዳኛ ግን ያው እርሱ ነው።

በአገራችን ጠበኛ እንኳ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ይቆም ነበር። ልጆቻችን ያን ቃል በዚህ አገር ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁ እንዲሆኑ እግዚአብሔር ይርዳቸው።