የሙያ ፈቃድ ፈተናና የቆይታ ቪዛ
በሐኪሞች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላው ጦርነት በኋላ በእንግሊዞች እጅ ወደ ህንድ ተወስደው፣ በላሆር ሕክምና ተምረው፣ ትምህርታቸውን በስኮትላንድ በቀጠሉበት ዘመን፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው የሚጠየቀው ወረቀት ከዛሬው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ዛሬ በውጭ አገር የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የሚጥር ኢትዮጵያዊ ሐኪም ግን ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል። አንደኛው በመጽሐፍ የሚጠናው ነው። ሁለተኛው የቪዛ ደንብ ነው፤ ለዚህኛው የሚያጠና ሰው ጥቂት ነው።

የመርቲ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአቦምሳ የሚያገለግል አንድ ወጣት ሐኪም ይታሰብ። ቀን በሽተኛ ሲያይ ውሎ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ፣ በተረፈችው ሰዓት ለአሜሪካው የፈቃድ ፈተና ያነባል። ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ሲቀጠር በአዳማ በኩል አድርጎ አዲስ አበባ መድረስ አለበት፤ ለዚያም ተራውን የሚሸፍንለት ባልደረባ ይለምናል። ይህ ሰው በስም የሚጠራ አይደለም፤ ነገር ግን በየወረዳው ከተማ ከሠሩት አባሎች መካከል የማያውቀው የለም።

የአሜሪካው ፈተና በብዙዎች አእምሮ ገና በአሮጌው መልኩ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሐኪሙ ሕመምተኛ መስለው በሚቀርቡ የሠለጠኑ ሰዎች ፊት የሚፈተንበት ‹ስቴፕ ቱ ሲኤስ› የሚባል ክፍል ነበር። የሚሰጠውም በአትላንታ፣ በቺካጎ፣ በሂውስተን፣ በሎስ አንጀለስና በፊላዴልፊያ ብቻ ስለ ነበር፣ የውጭ አገር ምሩቅ ሁሉ ወደዚያው መጓዝ ግድ ይለው ነበር፤ የፈተናው ቀጠሮም ለቆንስሉ የሚቀርብ ግልጽ ምክንያት ነበር። ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ተቋርጦ፣ በ2021 መጀመሪያ ላይ ጨርሶ ቀረ። ‹ስቴፕ ዋን› እና ‹ስቴፕ ቱ ሲኬ› የሚባሉት የኮምፒዩተር ፈተናዎች ከአሜሪካ ውጭም በብዙ አገሮች ይሰጣሉ። በአሜሪካ ግዛት ብቻ የሚሰጠው ‹ስቴፕ ስሪ› ነው፤ እሱም ለኢሲኤፍኤምጂ ምስክር ወረቀት አይጠየቅም። ከዚህም የተነሳ «ለፈተና ነው የምሄደው» የሚለው ቃል የቀድሞ ክብደቱን አጥቷል።

ታዲያ ሐኪሙ ለምን ይሄዳል? አብዛኛውን ጊዜ በሆስፒታል በተመልካችነት ለመቆየትና በዚያው ከሚሠሩ ሐኪሞች የድጋፍ ደብዳቤ ለማግኘት ነው። ለዚህ ‹ቢ-1› የሚባለው ቪዛ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ደሞዝ የለም፣ በሽተኛም አይታከምም። በሙሉ ጊዜ የፈተና ዝግጅት ትምህርት መከታተል ሌላ ነገር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ‹አይ-20› የሚባለውን ወረቀት ለመስጠት የተፈቀደለት መሆን፣ ተማሪውም ‹ኤፍ-1› ቪዛ መያዝ አለበት። በዘመድ ቤት ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ማንበብን የሚከለክል ሕግ የለም። የሚከለከለው አንዱን ተናግሮ ሌላውን መሥራት ነው፤ ለቆንስል በሐሰት የተነገረ ነገር የተደረሰበት ሰው ዕድሜ ልኩን ከዚያ አገር ሊታገድ ይችላል። «ለጉብኝት ነው» ብሎ በሻንጣው የሆስፒታል ደብዳቤ ይዞ መገኘት እንግዲህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአሜሪካ ሕግ ለጉብኝት ቪዛ የሚያመለክተውን ሰው፣ እሱ ራሱ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ለመቅረት እንዳሰበ አድርጎ ይቆጥረዋል። እዚህ ላይ የአቦምሳው ሐኪም ከሚያስበው በላይ ባለጸጋ ነው። የሥራ መደቡ፣ ደሞዙ፣ ከሆስፒታሉ የተጻፈለት የተወሰነ ጊዜ የዕረፍት ፈቃድ፣ ሁሉም የመመለሱ ማስረጃዎች ናቸው። ብዙው ወጣት ግን ለጥናት ጊዜ ለማግኘት ሲል መጀመሪያ ሥራውን ይለቅቃል፤ ከዚያም ባዶ እጁን ቆንስሉ ፊት ይቆማል።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻና ለ3 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ወሰነ። ይህ 3 ወር ሲነገር ብዙ ሰው ይደናገራል። ቪዛው ለመግቢያ የሚያገለግልበት ጊዜ ነው እንጂ የቆይታው ዘመን አይደለም። የቆይታውን ቀን የሚቆርጠው በመግቢያው በር የሚገኘው ሹም ነው፤ ለጎብኚም ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይሰጣል። ቀኑ ሳያልፍ በ‹አይ-539› ማመልከቻ እንዲራዘም መጠየቅ ይቻላል። ሳያስፈቅድ ከ180 ቀን በላይ የቆየ ሰው ከወጣ በኋላ ለ3 ዓመት፣ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ ለ10 ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። በውሳኔው ከሁሉ የሚከብደው ግን የአንድ ጊዜ መግቢያነቱ ነው፤ ለወላጅ ሕመም ወይም ለቀብር በመካከሉ አገሩ የተመለሰ ሐኪም የቀረውን ለመጨረስ እንደገና ክፍያ ከፍሎ፣ እንደገና ወረፋ ይዞ፣ ጉዳዩን ከሀ መጀመር ይኖርበታል።

የእንግሊዝ ደንብ በዚህ ረገድ ይበልጥ ግልጽ ነው። ‹ፕላብ› የሚባለው ፈተና የመጀመሪያው ክፍል በልዩ ልዩ አገሮች ሲሰጥ፣ ሁለተኛው በማንቸስተር ብቻ ይሰጣል። የጎብኚዎች ደንብም ይህን ፈተና በስሙ ጠርቶ ይፈቅዳል፤ አመልካቹ ከዚያ አገር ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት የተጻፈ ማረጋገጫ ይዞ ለ6 ወር መግባት ይችላል። ፈተናውን ያለፈ ሐኪም ያለ ደሞዝ በሆስፒታል ለመለማመድ ሲፈልግ፣ በጎብኚነቱ ላይ ጠቅላላው እስከ 18 ወር እንዲራዘምለት ሊያመለክት ይችላል። ይህን የማያውቁ ሰዎች ሳያስፈልጋቸው ተመልሰው አዲስ ቪዛ ሲጠይቁ ይታያሉ።

በአሜሪካ የልዩ ሐኪምነት ሥልጠና ቦታ ያገኘ ሐኪም በአብዛኛው የሚጓዘው በ‹ጄ-1› ቪዛ ነው። ለዚህም የአገሩ ጤና ሚኒስቴር አገሪቱ በዚያ ዘርፍ ባለሙያ እንደሚያስፈልጋት የሚገልጽ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ሥልጠናው ሲያበቃ ሐኪሙ ለ2 ዓመት ወደ አገሩ የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ሆኖም ሐኪም በጠፋበት የአሜሪካ አካባቢ ለ3 ዓመት ለመሥራት ቢስማማ ግዴታው ሊነሣለት ይችላል። ከአቦምሳ ወንበር ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ የዚያ አገር ገጠር የሐኪም እጥረት የሚሞላው ከዚህ አገር ገጠር በሄደ ሐኪም ነውና።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የጤና ባለሙያ እጥረት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። የእንግሊዝ የቅጥር ሥነ ምግባር ደንብ በዝርዝሩ ካሉት አገሮች ባለሙያን ፈልጎ መመልመልን ይከለክላል፤ ሐኪሙ ራሱ በግሉ እንዳያመለክት ግን አይከለክልም። እንግዲህ የማቆየቱ ጉዳይ ወደዚሁ ይመለሳል። ዕረፍት የተከለከለ ሐኪም ሥራውን ለቅቆ ይሄዳል፤ ቪዛውን ቢያገኝም ባያገኝም የአቦምሳ ተረኛ ወንበር ባዶ ሆኖ ይቀራል። ለ3 ወር ያለ ደሞዝ ፈቃድ በደብዳቤ ተሰጥቶት የሄደ ግን የሚመለስበት መደብ አለው፤ ያው ደብዳቤ ደግሞ ለቆንስሉ ያስፈልገዋል። የሆስፒታል ኃላፊዎች እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሲጽፉ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ቀን፣ የሥራ መደቡን ስምና ተተክቶ የሚሠራውን ሐኪም ጭምር ቢያሰፍሩበት፣ ለበሽተኛውም ለተጓዡም ይጠቅማል።