ሥጋን መጠበቅ ለነፍስ እንደሚረዳ



ስለ ነፍስ ብዙ ሲነገር ሰምታችኋል፤ እኔ ግን ዛሬ ስለ ማደሪያዋ ስለ ሥጋ ጥቂት እናገራለሁ።

ወርቅ ሠሪ አስቀድሞ ሰሙን በጥንቃቄ ያበጃል፤ ሰሙ የተበላሸ እንደ ሆነ ወርቁም መልኩን ያጣል። ሥጋ ሰም፥ ነፍስም ወርቅ ናት። ሰሙ በጊዜው መቅለጡ አይቀርም፤ ከጊዜው በፊት መስበር ግን የእኛ ሥልጣን አይደለም።

ነቢዩ ኤልያስ ደክሞ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ እንጎቻና ውሃ ሰጠው እንጂ አልገሠጸውም፤ በዚያም ምግብ ኃይል 40 ቀን ተጓዘ። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ባለመድኃኒት ነበረ።

ከእኛ መካከል ወደ ጠበል ሲሄድ መድኃኒቱን የሚጥል አለ። ይህ እምነት ይመስላል፤ ነገሩ ግን የእግዚአብሔርን ስጦታ ከስጦታው ጋራ ማጣላት ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚቻል አስተምረዋል። ይህ መድኃኒት የተቋረጠ እንደ ሆነ በሽታው ይበረታልና።

የአቃቂ ወንዝም የከተማውንና የፋብሪካውን እድፍ ተሸክሞ በአጠገባችን ስለሚወርድ ልጆቻችንን ከእርሱ እንጠብቅ። የታመመም ሰው ስለ ጾሙ ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ፍትሐ ነገሥት ለሕመምተኛ ያቀልለታልና።

አባቶቼ ካህናት ሆይ፥ ለተጠማቂው ጠበሉን ስታጠጡ መድኃኒቱን መዋጡንም ጠይቁልኝ። ከሐኪሙ ይልቅ እናንተን የሚሰማ ብዙ ነው፤ በአንድ ቃላችሁ ሰው ይድናል።